«እንዳላችሁን አደረግን»፦ የጣና ዳር የጤና ዘመቻዎችና በቅጹ ላይ ያልሰፈረው ጥያቄ

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር በሚገኘው የእናቴ ቤት ጣራው አፍስሶ ዕቃ ከክፍል ወደ ክፍል ስናዛውር፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አንድ ፖስተር አገኘሁ። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፤ ጽሑፉ ግን ደኅና ይነበባል። በጋቢ ተጠቅልሎ የሚንቀጠቀጥ ገበሬ፣ አጠገቡ የቆመች ሚስቱ፣ ከበላያቸው ከሁለቱም የምትበልጥ ትንኝ ተስለዋል። ከሥር በቀይ ቀለም «ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ካለብዎ ወባ ነው! በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ!» ይላል። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዘመኑ 1992 ዓ.ም. ነበር፤ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት በውል ቀጥሮ ፖስተርና የሬዲዮ መልእክት ያጽፈኝ ነበር።

በሥራዬ እኮራ እንደ ነበር አልደብቅም። ፖስተሩ ከሐሙሲት እስከ ወረታ፣ ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን በየጤና ጣቢያው፣ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። ከዓመት በኋላ ሥራውን የሚገመግም ቡድን መጣ፤ እኔም መንገድ መሪ ሆኜ አብሬ ወጣሁ። የቅጹ ጥያቄዎች ዛሬም ትዝ ይሉኛል። ፖስተሩን አይተዋል? ምን ይላል? ወባ በምን ይተላለፋል? ሲታመሙ የት ይሄዳሉ? ገበሬው አሳምሮ መለሰ፤ «በትንኝ»፣ «ጤና ጣቢያ»፣ «በ24 ሰዓት»። ሪፖርቱ ዘመቻው ዓላማውን መምታቱን ገለጠ። አበል ተከፈለ፣ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ በላን።

ያ ሪፖርት ውሸት ነበር እያልኩ አይደለም። እውነት ነበር። መልእክቱ ደርሷል፣ ሕዝቡም ሰምቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሊቦ ከምከም የሆነውን ሳይ ግን፣ አደጋው ያደፈጠው እዚያው፣ ሕዝቡ ሰምቶ እንደ ተባለው በማድረጉ ውስጥ እንደ ነበር ገባኝ። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፤ የጤና ዘመቻ በአገራችን በብዙ መንገድ የተጀመረው ከዚሁ ከጣና ዳርቻ ነውና።

ከሐይቁ በስተ ሰሜን ያለው የደምቢያ ሜዳ ጤፍና ሽንብራ የሚያበቅል፣ ከብት የሚያረባ ለም አገር ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ወባ ገብቶበት ወደ 7,000 የሚገመት ሰው ጨረሰ። ያ እልቂት ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲቋቋም ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካው የፖይንት ፎር ርዳታ ተባብረው ያቆሙት ይህ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን በክፍል ውስጥ ብቻ አይጨርሱም፤ ቆላ ድባን ወደ መሰሉ ጣቢያዎች ወርደው ከገበሬው ጋር ይሰነብታሉ። በእኔ አስተያየት ከዚያ ወዲህ ከታቀዱት ሁሉ ይህ አሳብ የተሻለው ነበር፤ ምክንያቱም ባለሙያው ከመናገሩ በፊት እንዲኖር ያስገድደው ነበር።

ዳሩ ግን ጊዜ አልተገኘም። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ባለው ወራት፣ ያልተለመደ ዝናብ፣ ሙቀትና እርጥበት ተገናኝተው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ የሚኖረውን ሕዝብ አገሪቱ አይታ የማታውቀው የወባ ወረርሽኝ ወረደበት። የታመመው 3 ሚሊዮን፣ የሞተው 150,000 ይገመታል። ይህ ከፍታ ፍጹም ቆላ አይደለም፤ ሕዝቡም እንደ ቆለኛው በሽታውን ተላምዶ የመከላከል ኃይል ያዳበረ አልነበረም። ጣና ራሱ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ መሆኑን እናስታውስ። በ1951 ዓ.ም. ብሔራዊው የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ስሙን ልብ በሉ፦ «ማጥፊያ»። የዓለም ጤና ድርጅት በ1947 ዓ.ም. ወባን ከምድረ ገጽ ለማጥፋት ስላወጀ እኛም ያንኑ ቃል ተቀበልን፤ ድርጅቱ ራሱ ዕቅዱን መልሶ በመረመረበት በ1961 ዓ.ም. ነገሩ በታሰበው መንገድ እንደማይሆን ተረዳ።

እኔ የተወለድኩት በ1955 ዓ.ም. ስለሆነ የርጭት ሰዎቹን ደርሼባቸዋለሁ። ካኪ ለብሰው፣ የብረት ገንዳ በጀርባቸው አዝለው፣ በክረምቱ መግቢያ ወደ ሰፈራችን ይመጣሉ። እናቴ ሊጡን፣ በርበሬውን፣ እንስራውን ወደ ውጭ ታወጣለች፤ እኛ ልጆች ዶሮ እናባርራለን። ሲጨርሱ በሩ ላይ ቁጥርና ቀን በጠመኔ ይጽፋሉ። ዲዲቲ ለእናቴ የተባረከ ነገር ነበር፤ ምክንያቱ ግን ወባ አልነበረም፣ ትኋን ነበር። ከዚያ እንቁጣጣሽና መስቀል ሲደርሱ፣ እንደ ማንኛዋም ንጽሕና ወዳድ ባለቤት፣ ግድግዳውን በጭቃና በእበት አሳምራ ትለቀልቀዋለች። መድኃኒቱ ከልቅላቂው ሥር ይቀበራል። ወባ የሚበረታውም ያኔ ነው፤ ዝናቡ አቁሞ ውኃው በየጉድጓዱ ሲተኛ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። የርጭት ሰዎቹ ቤቱን በቁጥር መዝግበዋል፤ «የተረጨ» ተብሎ ለአለቃ ቀርቧል። ቤቱም ተረጭቷል። ግድግዳሽን መቼ ነው የምትለቀልቂው ብሎ እናቴን የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። ቢጠየቅ ኖሮ የርጭቱን ቀን ማዛወር ወይም የእንቁጣጣሹን ልቅለቃ ማስቀደም የሚከብድ ነገር አልነበረም። ዲዲቲ ራሱ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ትንኟ ተላምዳው ከአገልግሎት ወጣ።

ስለ «ዘመቻ» ቃልም አንድ ነገር ልበል። ዘመተ ማለት በጥንቱ አማርኛ ሠራዊት አስከትሎ አገር ለመውጋት መውጣት ነው። ደርግ በዕድገት በኅብረት ተማሪውን ወደ ገጠር አዘመተ፤ በመሠረተ ትምህርት መሃይምነትን «ደመሰሰ»። ኢሕአዴግ ቃሉን ወርሶ «የልማት ሠራዊት» ብሎ አደራጀበት። ጤናም ዘመቻ ሆነ። ዘማች ደግሞ የሚሄደው ለመናገርና ለማስፈጸም ነው፤ ለመስማት የሚዘምት የለም። ሲመለስም የሚጠየቀው ስንት አስገበርክ ተብሎ ነው፤ ስንት አጎበር፣ ስንት ፖስተር፣ ስንት ጉድጓድ።

ሁለት ዘመቻዎች በአንድ ገበሬ ጓሮ ሲጋጩም ታይቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ መንግሥት የተሻሻለ የበቆሎ ዘር በኤክስቴንሽን ፓኬጅ በሰፊው ያከፋፍል ነበር። በ1990 ዓ.ም. ማብቂያና በ1991 መጀመሪያ በምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ታሪክ አጥኚው ጄምስ ማካን ከኢትዮጵያውያንና ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ሲመረምረው፣ የበቆሎው ብናኝ ኩሬው ላይ እየረገፈ የወባ ትንኝ እጭ እንደሚቀለብ አዩ፤ ዘግይቶ የሚደርሰው አዲሱ ዝርያ ደግሞ ብናኙን የሚያረግፈው ትንኟ በምትራባበት ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ጥናታቸው በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቦታ የወባው መጠን ጥቂት ከሚዘራበት ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ እንደ ነበር ያሳያል። በአንዱ ቀን የግብርና ሠራተኛው በቤትህ ዙሪያ በቆሎ ዝራ ይለዋል፤ በማግሥቱ የጤና ሠራተኛው ትንኝ የሚራባበትን አጥፋ ይለዋል። ሁለቱም የአንድ መንግሥት ደመወዝተኞች ናቸው። ሁለቱም ለየአለቃቸው ጥሩ ሪፖርት አቅርበዋል።

ከሚያዝያ 1995 እስከ ታኅሣሥ 1996 ያለው ጊዜ ደግሞ ለእኔ ፖስተር የፈተና ወራት ነበር። በ211 ወረዳዎች፣ በ3,368 ቦታዎች ወረርሽኝ ተነሣ፤ 2 ሚሊዮን ሕሙማንና 3,000 ሙታን ተመዘገቡ። ሕዝቡ እንደ ተባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። እዚያ የጠበቀው ፋንሲዳር ነበር። ክሎሮኪን አልሠራ ብሎ በ1991 ዓ.ም. የተተካበት ይህ መድኃኒት እርሱም በተራው እየከሸፈ ነበር። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ይህንኑ በአደባባይ ተናግሮ የተሻለው ቅይጥ መድኃኒት እንዲገባ ሲወተውት፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አሻፈረኝ ብሎ ከረመ። በ1996 ዓ.ም. ክረምት ወደ ኮአርተም ተለወጠ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ገበሬው አላጠፋም። «ኋላ ቀር አመለካከት» የሚባለው የዘወትር ክስ እዚህ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ ሊቦ ከምከም።

ሊቦ ከምከም ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ከፎገራ ሜዳ በላይ ያለ ወረዳ ነው፤ ከተማው አዲስ ዘመን ነው። መሬቱ ጠቧል፤ ስለዚህ ጐረምሶቹ ከሰኔ ጀምሮ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ይወርዳሉ። ሑመራ ደግሞ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ካላዛር የሚባለው በሽታ የሚታወቅበት ቆላ ነው። ካላዛር ከስንጥቅ ጥቁር አፈርና ከግራር ሥር በምትኖር በጣም ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል። ትኩሳቱ ለሳምንታት፣ ለወራት ይዘልቃል፤ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል፣ ደም ያልቃል። ካልታከመ መጨረሻው ሞት ነው ማለት ይቻላል። ጎንደር ያሉ ሐኪሞች ያውቁታል፤ መጻሕፍቱም ያውቁታል። ወደ ሑመራ ለሚወርደው ሠራተኛ የነገረው ፖስተር ግን አላየሁም። እኔ የጻፍኩት ፖስተር ትኩሳት ወባ ነው ይላል።

የአጎቴ ልጅ ከአዲስ ዘመን አቅራቢያ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ከሑመራ በተመለሰ በጥቂት ወር ትኩሳት ያዘው። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ የወባ መድኃኒት ተሰጠው። ትንሽ ቀለል ብሎት ተመለሰበት፤ እንደገና ሄደ፣ እንደገና ተሰጠው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ አዲሱን መድኃኒት ሰጡት፤ ያኔ ሆዱ በግራ በኩል ተነፍቶ ነበር። ከዚያ ጠበል ወሰዱት፤ ሰባት ቀን፣ ሌላ ሰባት ቀን። የካቲት 1997 ዓ.ም. አረፈ። ዕድሜው 22 ነበር።

ለአርባው ስሄድ የአጎቴ ሚስት ከሰዎቹ መካከል ለይታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሥራዬን ታውቀዋለች፤ ፖስተሩን ያመጣሁላት እኔ ነበርኩ፣ ከቅዱሳን ሥዕል አጠገብ ለጥፋው ነበር። በቁጣ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ እንዳላችሁን አደረግን እኮ» አለች። «አንድ ቀን አላሳደርነውም።»

በዚያው ዓመት ግንቦት 7 ቀን አገሩ ሁሉ ለምርጫ ተሰለፈ። አዲስ ዘመንም ተሰለፈች። እኛ የከተማ ሰዎች በዚያ ወር የምናወራው ሌላ ነገር አልነበረም፤ እኔ ራሴ ሬዲዮ ሥር ተኝቼ ነበር የማድር። በዚያው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በሊቦ ከምከም ያለው በሽታ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የክልሉ ጤና ቢሮና ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በነፃ የሚመረምርና የሚያክም ጣቢያ አዲስ ዘመን ላይ አቆሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች መዝገብ የሚጀምረው ከግንቦት 17 ነው፣ ድምፅ በሰጠን በ10ኛው ቀን። ጋዜጦቻችን ስለ ኮሮጆ ሲጽፉ፣ ከሐይቁ ማዶ ሰዎች ልጆቻቸውን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ድንኳን ይጎርፉ ነበር።

እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ያለውን መዝገብ ያጠኑ ሐኪሞች እንደ ጻፉት፣ ከታካሚዎቹ ግማሾቹ ከ18 ዓመት በታች ነበሩ፤ ከ4ቱ 3ቱ ወንዶች። ከታከሙት መካከል የሞተው ከመቶ 4 ብቻ ነው። ወረርሽኙ ከጫፍ የደረሰው በ1998 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ነበር፤ ከዚያ ሁለት ወረዳዎችን አዳርሶ፣ በ1999 ዓ.ም. ነዋሪ በሽታ ሆኖ ቀረ። በሽታው የገባው ግን ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሕሙማኑ በወባና በሌሎች ትኩሳቶች ስም ሲታከሙ ኖረዋል ማለት ነው። ለምን ሁለት ዓመት ፈጀ? ከምክንያቶቹ ዋናው የመመርመሪያ መሣሪያ አለመኖሩ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ዘመን የ1995ቱ ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ዘመንም ነበር፤ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው የሚለው መልእክት በገበሬውም፣ በጤና ረዳቱም፣ በእኔም አእምሮ ውስጥ በሚገባ ተተክሎ ነበር። ያልዳነ ሰው ሲመጣ መልሱ «ወባው መድኃኒት ተላምዷል» ነው፤ ይህም በከፊል እውነት ስለ ነበረ ማንም አልጠረጠረውም። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ በጥናት የተረጋገጠ አይደለም። እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ከተረጋገጠው ይልቅ ይኼው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያስደስት ነው። በሊቦ ከምከምና በፎገራ የገጠር ቀበሌዎች፣ በግንቦት 2001 እና በየካቲት 2003 ዓ.ም.፣ ስለ ካላዛር ሕዝቡ የሚያውቀውንና የሚያደርገውን የሚለኩ ሁለት ጥናቶች ተካሂደዋል፤ በሁለቱ መካከል ዕውቀቱ ማደጉ ታይቷል። እንዲህ ያለ፣ በአንድ ቦታ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የተደረገ ልኬት በአገራችን ጥቂት ነው፤ ሠሪዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ግራር ጥላ ሥር አትተኛ፣ ሌሊት ውጭ አትደር የሚለው ምክር የሚነገረው ለማን እንደ ሆነ አስቡ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ በፎገራ ፀሐይ ከግራር ሌላ የት ይጠለላል? ማሳ የሚጠብቅ ጐልማሳ ሌሊቱን የት ይደር? ዕውቀቱን ለክተናል፤ መተኛውን አልሰጠነውም።

ይህን ሁሉ ስል ዘመቻ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ከሐይቁ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ ሌላ ታሪክ አለ። ትራኮማን ለመከላከል የካርተር ማዕከልና የክልሉ ጤና ቢሮ በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ የሽንት ቤት ጉድጓድ ቅስቀሳ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 በክልሉ 10,000 ጉድጓድ ይቆፈራል ተብሎ ሲታቀድ 89,500 ያህል ተቆፈረ። ሲጣራ፣ ነገሩን የገፉት ሴቶቹ ሆነው ተገኙ። ሴት ልጅ ቀን በሜዳ መጸዳዳት ነውር ስለሆነባት እስኪጨልም ድረስ ሆዷን ይዛ ትውላለች፤ ይህን የሚያሳጥርላት ነገር ሲመጣ ባሏን አስቆፈረች። ዝንብና ዓይን የሚለው ትምህርት ለቀስቃሾቹ ዋና ነበር፤ ለሴቶቹ ዋናው የቀን ብርሃን ነበር። ያን ያወቀ ቀስቃሽ ካለ ከእነርሱ ሰምቶ ነው።

ሽንት ቤቱ ትራኮማን ቀነሰ ወይ? እዚህ ላይ ነው እውነተኛ ግምገማ ምን እንደሚመስል የምናየው። በዋግ ኽምራ ዞን 40 አካባቢዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ለአንዱ ወገን የውኃ ነጥብ፣ መታጠቢያ፣ ሳሙና፣ የንጽሕና ትምህርትና የሽንት ቤት ቅስቀሳ ለ3 ዓመት ተሰጠው፤ ሌላው ወገን እንደ ነበረ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የታተመው ውጤት፣ በልጆቹ ዓይን ላይ ባለው የትራኮማ ተሕዋስ ረገድ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም የሚል ነው። ብዙ የደከሙ ሰዎች ናቸው ይህን ያተሙት። እኔ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ቢቀርብ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበት ነበር። ውኃና ሽንት ቤት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ለዚያ በሽታ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ፣ የተጠበቀውን አላደረገም ማለት ነው። ሴቶቹ ደግሞ ከመጀመሪያውም ለዚያ አልፈለጉትም።

በሐይቁ ላይ ያለውን ቢልሃርዝያ ሳላነሣ ላልፍ አልችልም። በዘጌ፣ በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በፎገራ የሩዝ ማሳ ውኃው ቀንድ አውጣ አለበት፤ ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በእግር ቆዳ ይገባል። መልእክቱ «ወደ ውኃ አትግቡ» ነው። ይህን በደንገል ታንኳ ዓሣ ለሚያጠምደው ወይጦ፣ ሩዝ ለሚያርመው ገበሬ፣ ልብስ ለምታጥበው ሴት መንገር ከአፍ አይከብድም። ሁሉም መልእክቱን በቃሉ ይነግራችኋል፣ እግሩ ውኃ ውስጥ እንዳለ። በአንጻሩ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያደረጉት ነገር ነበር። ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ቆመው አዩ፤ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው። ጠየቁ፣ ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ምርምሩ የተጀመረው ለሴቶቹ ከመናገር ሳይሆን ሴቶቹን ከማየት ነበር። እንዶዱ ከዚያ በኋላ በአገሩ ላይ በሰፊው አለመዋሉ ሌላ ረጅም ሐዘን ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

ፖለቲካ ጸሐፊ ነህ፣ ስለ ትንኝ ምን አገባህ የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። የሚያገባኝ እዚህ ላይ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶችን በየቀበሌው አሰማራ፤ ከአብዮቱ ወዲህ ለገጠሩ ከተደረጉት ታላላቅ ነገሮች አንዱ ነው፣ ይህን ለመመስከር ኢሕአዴግ መሆን አያስፈልግም። ነገር ግን በላዩ ላይ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ተጫነበት። አጎበር ስቀል የምትለው ሴትና ስብሰባ ውጣ የምትለው ሴት አንድ ሆነች። ያለ ደመወዝ የሚሠሩት የሴቶች ልማት ሠራዊት አባላት ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የተቸገሩና የተጨነቁ መሆናቸውን በክልላችን የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 አሳይቷል። ለመንግሥት ጆሮ ከሆነች ሴት ጋር ገበሬ እውነቱን ያወራል? «አጎበሩን ሰቅለሃል?» ሲባል «አዎ» ይላል፤ አዎ ማለት ከዚህ ቀደም ያስጠየቀው ጊዜ የለምና። ግምገማችን የሚቆመው በዚያ «አዎ» ላይ ነው።

ከላይ ያሉትም ቢሆኑ ከዚህ አይሻሉም። በ1998 እና በ2008 ዓ.ም. ክረምት ኮሌራን በስሙ መጥራት ተፈርቶ «አተት» ሲባል ሁላችን ሰምተናል። ሕዝቡ የበሽታውን ስም ለመስማት ያልበቃበት አገር፣ ሕዝቡ ስለ በሽታው ባለማወቁ ይወቀሳል።

ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሙታን መመዝገቧን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. በ20 ሚሊዮን የሚቆጠር አጎበር ታድሎ ወባው ቀንሶ ያየን ሰዎች ይህን ቁጥር ማመን ተቸግረናል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለው ጦርነት በዚህ ላይ ተጨምሯል፤ ጤና ሠራተኛ የሌለበት፣ መድኃኒት የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነው።

ፖስተሩን ያገኘሁ ሰሞን ወደ አዲስ ዘመን ለመሄድ አስቤ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ ስለ ነበር ለአጎቴ ሚስት ደወልኩላት። አሁን ሰባ ዓመት ሞልቷታል። ጤናዋን ጠየቅኋት፣ የኔን ጠየቀችኝ። ፖስተሩን ማግኘቴን ስነግራት፣ የእሷ በዚያው በ1997 ወርዶ ለጤፍ ጎተራ ክዳን መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የልጅ ልጇ ትኩሳት ከያዘው 12 ቀን እንደ ሆነው፣ በአቅራቢያ ያለው ጤና ኬላ ከተዘጋ መክረሙን፣ ከሱቅ የተገዛ የወባ ክኒን መዋጡን አጫወተችኝ።

«ሆዱስ?» አልኳት። «በግራ በኩል ዳብሰሽ አይተሻል፣ እማማ?»

ስልኩን አስቀምጣ ሄደች። ስትመለስ እስክትናገር ድረስ ብዙ ቆየች።